ያልተከለከለ ፍሬ

ሃሉንዳ የገባነው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በመተማ ወጥተን፣ ገዳሪፍና ካርቱም ከርመን፣ ስደት ወስዶ ወስዶ ከስቶክሆልም በስተደቡብ፣ የቀዩ ቱነልባና (የምድር ውስጥ ባቡር) መስመር ሊያልቅ አንድ ፌርማታ ሲቀረው ባለችው የፎቅ ሰፈር ጣለን። ደረጃው ላይ የቱርኩ፣ የሶርያውና የፊንላንዱ ጎረቤት የወጥ ሽታ ከእኔ ቁሌት ጋር ይገናኝ ነበር፤ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ልጆቼ ግን የፍሬ ሽታ አያውቁም ነበር። ለእነሱ ፍሬ ማለት ሴንትሩም ሱቅ ውስጥ በፕላስቲክ ታሽጎ ዋጋ የተለጠፈበት ነገር ነበር። አገር ቤት፣ እስቴ ላይ አጋም ስለቅም ላደግሁት ለእኔ ይህ የሆድ ሕመም ነበር።

አንድ ነሐሴ፣ ፍልሰታ ገብቶ ሳለ፣ ከታችኛው ፎቅ የምትኖር ስዊድናዊት አሮጊት በራችንን አንኳኳች። «ብሎቤር ደርሷል፤ ልጆቹን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ አይደል የሚባለው? ጫካው መዥገር አለበትና የልጆቹን ሱሪ ካልሲያቸው ውስጥ ከትተን፣ ባልዲ አንጠልጥለን፣ በእሷ መኪና ወደ ሊዳ ሄድን። ሊዳ እዚያው ቦትሺርካ ውስጥ፣ ቱሊንጌ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ደን ነው።

ስንገባ የጥዱ ሙጫ ሽታ ተቀበለኝ። ከእኛ የደብር ጥድ ጋር አንድ ባይሆንም፣ በልጅነቴ ቅዳሴ ሲወጣ የምንጫወትበትን ዐጸድ አመጣብኝ። ብሎቤር የሚሉት ሰማያዊ የዱር ፍሬ ቁጥቋጦው ከጉልበት በታች ነው፤ ትልቅ ሰው ወገቡን ይሰብራል፣ ልጅ ግን ቁጭ ብሎ ይለቅማል። ትልቋ ልጄ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችና በሹክሹክታ፣ «እማዬ፣ የማነው? አይቆጡንም?» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰ። የስደተኛ ልጅ በሰው አገር ሳይጠይቁ አለመንካትን ገና በጡት ነው የሚማረው።

አሮጊቷ ሰምታ ሳቀች። ስዊድናውያን አለማንስሬተን የሚሉት መብት አላቸው፤ የዱር ፍሬና እንጉዳይ ማንም ሰው፣ ስዊድናዊም ሆነ እንግዳ፣ ደኑ የግል ቢሆን እንኳ መልቀም ይችላል። የሰው ግቢ አለመግባት፣ እህልና ችግኝ አለመርገጥ፣ የቆመ ዛፍ አለመስበር ከግዴታዎቹ መካከል ናቸው። ከጥንት የመጣ ልማድ ሲሆን፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸውም ላይ ሰፈረ።

እኔ ግን ሕጉን ከአያቴ ሰምቼው ነበር። አጋም ለቀማ ስንወጣ፣ «የዱር ፍሬ የእግዜር ነው፤ ብሉ፣ ለወፍም ተዉ» ትለን ነበር። አጋም እሾሁ ይወጋል፣ ነጭ ወተቱ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ የበሰለው ግን ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ምላስን ያቀልማል። ከብት እየጠበቅን፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ለታናናሾቼ አመጣ ነበር። ያቺን ልጅ ሊዳ ጫካ ውስጥ አገኘኋት። ለልጆቼም ስለ አጋሙ፣ ስለ ቀጋው፣ ስለ ሾላው ስነግራቸው ዋልኩ። አገሬን በጦርነትና በረሃብ ዜና ብቻ የሚያውቋት ልጆች፣ ያን ቀን ፍሬዋን ጠየቁኝ።

ልጆቹ እስከ ስድስት ሰዓት ስለሚጾሙ ባልዲው ቶሎ ሞላ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን እጅ ከባልዲ ወደ አፍ ሆነ፤ ከንፈርና ምላሳቸው ሰማያዊ ሆኖ እርስ በርስ እየተያዩ ሳቁ። ትንሹ አንድ ጭብጥ ሙሉ ለአሮጊቷ ሰጥቶ፣ «ለወፍም ትቻለሁ» አላት። ማታ ገላቸውን ሳጥብ ከብብታቸው እስከ ጉልበታቸው መዥገር ፈለግሁ፤ የተረፈውን ፍሬ በስኳር ቀቅዬ ለቡሄ በዳቦ አበላኋቸው።

ትልቋ ዛሬ የራሷን ልጆች ይዛ ትሄዳለች፤ የአጋሙንም ወሬ ታወራላቸዋለች።

እናንተም በሰው አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ ነሐሴ ሲገባ ልጆቻችሁን ጫካ ውሰዷቸው፤ እየለቀማችሁም የአገራችሁን ፍሬ በስሙ እየጠራችሁ ንገሯቸው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ በማሳችሁ ዳር የበቀለውን አጋምና ቀጋ ለማገዶ አትጨርሱት፤ ለእረኛ ልጅና ለወፍ ተዉላቸው።