ወደ ደንበኛ ስንሄድ ምን እንልበስ?

በጉባኤያችን ካሉ ወጣቶች ብዙዎቹ ኑሯቸው ከደንበኛ ጋር በመገናኘት ላይ የቆመ ነው። ኢንሹራንስ የሚሸጡ፣ ሂሳብ የሚሠሩ፣ የቤት ዕቃ በትእዛዝ የሚሠሩ አሉ። ለእነርሱ አለባበስ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አንዳንዶች፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ስለሆነ ልብስ ግድ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፣ እርሱ ልብን ያያል። ደንበኛው ግን ሰው ነው፤ ልባችንን የሚያይበት ዓይን የለውም። ዮሴፍ ከእስር ቤት ሲጠራ ወደ ፈርዖን ከመግባቱ በፊት ተላጭቶ ልብሱን እንደ ለወጠ ዘፍጥረት 41፥14 ይነግረናል። ሕልሙን የፈታለት ልብሱ አይደለም፤ ፍቺው ከእግዚአብሔር ነበር። ይሁን እንጂ ዮሴፍ የሚቆመው በማን ፊት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ወንድማችን ከትልቅ ደንበኛ ጋር ቀጠሮ ያዘና፣ ለሙሉ ልብስ ዕዳ ልግባ ወይ ብሎ አማከረን። ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው በኮሚሽን ነው። የቤት ኪራይም ደርሶበታል። አትበደር አልነው። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ኮት ሰጠው፤ ልብስ ስፌት የምትሠራ እህት እጅጌውን አሳጠረችለት። ሸሚዙን አጥቦ ተኮሰ፤ ጫማውን ሊስትሮ ዘንድ አስጠርጎ ሄደ። ውሉን አገኘ ወይ ትሉን ይሆናል። በዚያን ቀን አላገኘም። ነገር ግን ያለ ዕዳ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ቀጠሮም ተሰጠው።

እንግዲህ የምንመክረው ይህ ነው። ንጽሕና ከዋጋ ይቀድማል። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ የተቆረጠ ጥፍር ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። በክረምት ጭቃ ከሰው ቢሮ ከመግባታችን በፊት ጫማችንን የምንጠርግበት ጨርቅ በቦርሳችን መያዝ ይበጃል። ልብሳችን ከሥራችን ጋር ይስማማ። ባንክ ቤት ለሚሄድ ከረባት ይመጥነዋል፤ ኤሌክትሪክ ሊዘረጋ ለሚሄድ ግን ንጹሕ ቱታ ክብሩ ነው። ያልሆንነውን ለመምሰል በብድር የምንገዛው ልብስ ግን፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት ደንበኛውን ይዋሸዋል።

ደግሞም ሚዛኑን አንርሳ። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2፣ የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካም ስፍራ ሰጥቶ ድሀውን የሚያዋርድን ጉባኤ ይገሥጻል። ስለዚህ ወደ ሱቃችን ወይም ወደ ቢሯችን የሚመጣው ደንበኛ ያረጀ ጋቢ ቢለብስም እንነሣለት፤ ወንበርም እንሳብለት። ለልብሳችን የምንጠነቀቀው የምንገናኘውን ሰው ለማክበር ከሆነ፣ እርሱ የለበሰውን አይተን ልንንቀው አንችልም። ከናቅነው ግን ያ ሁሉ መታጠብና መተኮስ ለራሳችን ክብር ነበር ማለት ነው።

ጌታ በየሥራችሁ ሞገስ ይስጣችሁ።