የሸክላው ዋጋና የአዝማሪው ግንባር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ጥቂት ከቀጠለም በበርበሬዋ የታወቀችውን ቡሬን ያገኛል። በእነዚህ ከተሞች የገበያ ቀን ሲመሽ ጠጅ ቤት ጎራ ያለ ሰው የኪነት ዋጋ ከጥንት ጀምሮ እንዴት ሲከፈል እንደኖረ በዓይኑ ይመለከታል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በመደዳ ከተቀመጡት ፊት ይቆማል። ከጠጪዎቹ አንዱ ብርሌውን አኑሮ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ያቀብለዋል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል፤ ሰም የነበረው ወርቅ ይሆናል። የተደሰተውም ሰው ተነሥቶ የብር ኖቱን ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል።

ይህ ሥርዓት ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ውል ነው። ከፋዩ ይታወቃል፤ ተከፋዩ ይታወቃል፤ ዋጋው በአደባባይ ይሰጣል፤ ጠጅ ቤቱም በሙሉ ምስክር ነው። ውሉ ነቀፋ የሌለበት ነበር ማለት አይቻልም። ዜማውን እየወደዱ ባለዜማውን የሚንቁ፣ ሌሊቱን በዘፈኑ ሲያለቅሱ አድረው ሲነጋ ልጃቸውን ለእርሱ መዳርን የሚጸየፉ ብዙዎች ነበሩ። ይሁንና በዘፋኙና በአድማጩ መካከል ሦስተኛ ሰው አልቆመም።

ሦስተኛው ሰው የመጣው ከሸክላ ጋር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ የኢትዮጵያ ዜማ ከባለቤቱ አካል ተለይቶ ብቻውን መጓዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ዘፋኙ በሌለበት ዘፈኑ ይሰማል፤ ዘፋኙ በሌለበትም ገንዘቡ ይቆጠራል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተከልሎ ነበር። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች የነበሩት ከያንያን ደግሞ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ዘፈናቸው ከወር ደመወዛቸው ጋር ተጠቃልሎ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ያህል ይታይ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ተዳፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር፣ በመጀመሪያም በሕንድ ነበር። አምኃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ፤ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተቀርጾ በእርሱ ስም ወጣ።

የእነዚህ አሳታሚዎች ድፍረት ሊመሰገን ይገባዋል፤ እነርሱ ባይኖሩ ያ ድምፅ ከምሽት ክበቡ ጢስ ጋር በንኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። በዚያ ዘመን ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ በአንድነት ይቀረጻል፤ ጥሩምባ ነፊው ቢስት ከበሮ መቺውም ዘፋኙም ከመነሻው ይጀምራሉ። ሥራው የጋራ ነበር። ክፍያው ግን በአንድ ጊዜ ድርድር የሚያልቅ ነበር፤ ሸክላው አንድ መቶም ይሸጥ አንድ ሺህ፣ የከበሮ መቺው ዋጋ ያው ነው። ብዙ ጊዜም የዘፋኙ ስም በልባሱ ላይ ሲጻፍ የአጃቢዎቹ ስም ይቀር ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አልነበረም። ሮክ ኤንድ ሮል በተወለደባት በሜምፊስ ከተማ ሳም ፊሊፕስ በትንሿ ስቱዲዮው ኤልቪስ ፕሬስሊን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቀርጸው፣ የመጀመሪያው ሸክላ ዘፈን ደራሲ አርተር ክራዳፕ የተባለ ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ነበር። በዓመቱ ፊሊፕስ የኤልቪስን ውል ለአርሲኤ ኩባንያ በ35,000 ዶላር ሸጠ። ክራዳፕ ግን በጉልበት ሥራ ሲተዳደር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሞት የሚገባው የደራሲነት ክፍያ አልደረሰውም። ከዚያ ቀደም የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1942 እስከ ኅዳር 1944 ድረስ አባሎቹ ሸክላ እንዳይቀርጹ አድሞ ነበር። ያተረፈውም ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ሸክላ ጥቂት ሳንቲም ለሙዚቀኞች ሥራ ማስፋፊያ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሳንቲሟ ታናሽ ብትሆንም መሠረተ ሐሳቧ ታላቅ ነው፤ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ድምፁን ያወጣው ሰው ይታሰባል።

በእኛ አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ መብት ሰጠ፤ ስለሚዘፍነውና ስለሚጫወተው ግን ዝም አለ። ዝምታው ሳይሰበር ካሴት መጣና በሸክላ ጊዜ አንድ የነበረው ሦስተኛ ሰው እልፍ ሆነ፤ ሁለት ካሴት የሚያጎርስ ማጫወቻ ያለው ሁሉ አሳታሚ ለመሆን ቻለ። ለተጫዋቹ ጭምር መብት ያወጀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያው ደግሞ ባለመብቶች በጋራ ማኅበር ሆነው ክፍያቸውን የሚሰበስቡበትን መንገድ አመለከተ። በዚህ መካከል የቀድሞዎቹ ሸክላዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ስም በፈረንሳይ ታትመው ዓለምን ዞሩ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፊልም ተሰማ። ዝናው ባሕር ተሻግሮ ተመለሰ፤ ከተመለሰው ውስጥ የዚያ የከበሮ መቺ ድርሻ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ሊሆን አይገባም።

ነገሩ ዞሮ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ጠጅ ቤት ይመለሳል። ዛሬ ስንኝ አቀባዩ በአንድ እጁ ብርሌ፣ በሌላው የእጅ ስልክ ይይዛል። የአንድ ሌሊት ዜማ ሳይነጋ ከተማ ይሻገራል፤ አዝማሪው በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ሰው ጆሮ ይንቆረቆራል። አዋጁ ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ መቅረጽን ቢከለክልም አዋጅ ሁሉ በራሱ እግር ጠጅ ቤት አይገባም፤ የሚያስገባው ሰው ይፈልጋል። መምህሩ ለተማሪው፣ የባህል ሠራተኛው ለቀራጩ፣ ከያኒው ለባልደረባው ሁለት ጥያቄዎችን ቢያስለምዱ መልካም ጅምር ነው፤ ስሙ ማን ነው? ፈቅዷል ወይ?

የጥንቱ ጠጪ ሕግ ሳያነብ ይህን ያውቅ ነበር። ዜማ ሲያስደስተው ኪሱን ከመዳሰሱ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው የአዝማሪውን ፊት ነበር፤ ብሩን የሚለጥፍበትን ግንባር ሳያይ መክፈል አይችልምና።