ጉርሻ እምቢ ያሉት

በፈረንጆቹ 2003 ገደማ ዳላስ ውስጥ ቀን እየተማርኩ ማታ የምሠራው ሥራ እባብ ማብላት ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ሐበሾች ፓርኪንግና ነዳጅ ማደያ ይሠራሉ፤ የእኔን ሲጠይቁኝ «የቤት እንስሳት ሱቅ» ብዬ አልፋለሁ። ውሸትም አይደለም፤ ሱቁ ከፊት ለፊት ዓሣና ጥንቸል ይሸጣል። የጓዳው በር ሲከፈት ግን ግድግዳው በሙሉ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው አንድ አንድ እባብ። ያ ክፍል የባለቤቱ፣ የአንድ ንግግር የማያበዙ የቴክሳስ ሽማግሌ ግዛት ነበር።

እናቴ በስልክ አውጣጥታኝ የሰማች ቀን «በስመ አብ!» ብላ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ደግሞ እባብ አጉራሽ ይፈልጋል እንዴ?» አለችኝ። አይፈረድባትም። ስለ እባብ የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት። በአክሱም ነግሦ ነበር የሚባለው ዘንዶ፣ አርዌ፣ ከብቱንም ልጃገረዱንም በግብር እየተቀበለ ሲውጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ነው የሞተው። አርዌን የጨረሰው ሆዱ ነው። የሽማግሌው የእባብ ግልገሎች ግን አንበላም ብለው ነበር ሊያልቁ የሚደርሱት።

ሁሉም አይደሉም። ኮርን ስኔክ የሚባሉት ቀያዮቹ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግሩም፤ ፒንኪ፣ ማለትም ገና ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ልጅ፣ ከፍሪዘር ወጥታ በሞቀ ውሃ ቀልጣ ስትቀርብላቸው ይውጣሉ፤ አለቀ። የሚያስለቅሱን አልተርናዎቹ ነበሩ። አልተርና ግራጫ ሆኖ ጥቁርና ብርቱካናማ መቀነት የታጠቀ ውብ እባብ ነው። አገሩ የምዕራብ ቴክሳስ ድንጋያማ በረሃና ተሻግሮ ያለው ሜክሲኮ ነው። በፈረንጆቹ 1901 ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ወጥቶለት ሲመዘገብ የተገኘው ዴቪስ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ብርቅ ተብሎ ኖሯል። ብርቅ ያስባለው ቁጥሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ቀኑን በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚውል ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ላንግትሪ አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ቀስ እያሉ፣ አስፋልት ዳር የተቆረጠውን ገደል በባትሪ እያበሩ ይፈልጉት እንደነበር ያጫውቱኛል። ያን ሲያወሩ ብቻ ነው ንግግራቸው የሚረዝመው።

እንቁላሎቹ በማሞቂያ ሳጥን ሁለት ወር ያህል ቆይተው በበጋቸው መጨረሻ ይፈለፈላሉ። ግልገሎቹ ወዲያው ምግብ አይቀርብላቸውም። ከእንቁላሉ የወረሱት አስኳል ሆዳቸው ውስጥ አለ፤ አንድ ሳምንት፣ አሥር ቀን በእሱ ይኖራሉ። የመጀመሪያ ቆዳቸውን ጥለው በሶፍቱ ላይ ስናገኘው ነው የእኛ ጣጣ የሚጀምረው። ፒንኪዋ በወረንጦ ትቀርባለች። ግልገሏ ምላሷን አንዴ ሁለቴ ታወጣለች፤ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች።

ምክንያቱን ሽማግሌው ነገሩኝ። እባብ በዋናነት የሚያሸተው በምላሱ ነው፤ ምላሱ ከአየር የለቀመውን ላንቃው ላይ ላለው የያኮብሰን አካል ያደርሳል። የአልተርና ልጅ በተፈጥሮዋ የምትጠብቀው የእንሽላሊት ጠረን ነው። አይጥ ምግብ መሆኑን ማን ነገራት? ስለዚህ ሥራችን ማታለል ሆነ፦ ፒንኪዋን በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አለቅልቆ፣ በእንሽላሊት ማሸት።

እንሽላሊቱን የማመጣው እኔ ነበርኩ። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ዛፎች ላይ ጀርባቸው እሾሃማ የሆነ የቴክሳስ እንሽላሊቶች ፀሐይ ይሞቃሉ። ኮምቦልቻ ያደግሁ ልጅ ስለሆንኩ ይህ ሙያ በነጻ ነበረኝ። አንዱን እይዝና በፒንኪዋ ላይ አሽቼው እለቀዋለሁ፤ ጭራውን እጄ ላይ ጥሎ ከሄደም ጭራው በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል። እንሽላሊቶቹ የጣሉትን ቆዳ ቅዳጅ በፒንኪዋ አፍንጫ ላይ ማጣበቅም ይሠራል። ብዙዎቹ በዚህ ተሸነፉ።

አንዷ ግን አልተሸነፈችም። እንሽላሊት ብናሸት፣ የፒንኪዋን ግንባር በምላጭ ቀደን አንጎሏን ብናስነካት፣ ወይ ፍንክች። እኔ ደግሞ ያደግሁበት ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል የሚታመንበት ቤት አይደለም። ወረንጦውን ይዤ አፍንጫዋ ሥር እያመላለስኩ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» እላት ነበር፣ በአማርኛ። አንድ ማታ ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው «ወሬውን ቀንስና ክዳኑን ግጠም» አሉኝ።

ዘዴያቸው ያ ነበር፤ ዛሬም ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ግልገሏና ፒንኪዋ ቀዳዳ ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አብረው ይገባሉ፣ ክዳን ይገጠማል፣ ኩባያዋ ሞቅ ባለ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች፣ እስከ ጠዋት ማንም አያያትም። ጥቂት ግራም የምትመዝን ፍጡር ከላይዋ የሚያንዣብበውን ሁሉ የምታየው ሊበላት እንደመጣ ነው፤ እኔም ከነፍቅሬ ያው ነበርኩ። ክዳኑን ሳልከፍት ማደር ከእንሽላሊት አደኑ ይልቅ ከበደኝ።

የአፍሪካዎቹ ነገር ሌላ ነው። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን የሚመጣው ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ጉድጓዶች አሉት፤ ቀዝቃዛ አይጥ ለልጆቹ ግዑዝ ነገር ነው። እህቴ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት አሮጌ ፀጉር ማድረቂያ ለምኜ አመጣሁና የአይጦቹን ጭንቅላት በእሱ ማሞቅ ጀመርን። ለምን እንደፈለግሁት እስካሁን አልነገርኳትም። ጠባብ መደበቂያና ሞቅ ያለች አይጥ ካገኙ ከጨለማው ውስጥ ተወርውረው ይይዛሉ።

በግድ ማብላት ሽማግሌው አይወዱም። የጀርባ አጥንቷ መታየት ከጀመረ ብቻ፣ አፏን በቀስታ ከፍተው የፒንኪዋን ጭንቅላት ጥርሷ ላይ ያስይዙና መሬት ላይ አኑረዋት ይደርቃሉ። እኔም እደርቃለሁ። ትንፋሽ ከሰማች ትተፋለች፤ ከረሳችን ግን አንዳንዴ ማኘክ የማታውቀው መንጋጋ ቀስ ብሎ ወደፊት መራመድ ይጀምራል።

ያቺን እምቢተኛ እዚያ አላደረስናትም። አንድ ጠዋት ኩባያዋን ስከፍት ፒንኪዋ የለችም፤ የግልገሏ ወገብ ላይ እብጠት አለ። ሮጬ ጠራኋቸው። መጥተው አዩ፣ «ሁለት ቀን እንዳትነካት» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ከዚያ የእንሽላሊቱን ጠረን በየጊዜው እየቀነስን፣ በስተመጨረሻ ያልታሸ ፒንኪ ለመደች። እሳቸው ያልታሸ ፒንኪ በተደጋጋሚ ያልበላ እባብ አይሸጡም ነበር።

የገዛት ወጣት «ምን ትበላለች?» ሲለኝ «አይጥ ነዋ!» አልኩት፣ ሌላ ነገር በልታ የማታውቅ ይመስል። ፍሪዘር ውስጥ የቀሩትን ጭራዎች ግን አልጣልናቸውም፤ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ገና ያልተፈለፈሉ እንቁላሎች ነበሩ።