የቆመ ነው የሚያረጀው

ገና አልነጋም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ የእጅ ባትሪ ይዤ የሞተር ሳይክሌን ዙሪያ እፈትሻለሁ። የጎማዎቿን አየር ለካሁ፤ የሞተር ዘይቷን፣ የፍሬን ዘይቷን፣ የፍሬን ሸራዋንና መብራቶቿን ተራ በተራ አየሁ። ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚያሰኘው ብርድ እዚህም አለና ሁለት ሹራብ ደርቤ ቁልፉን አዞርኩ።

ቆጣሪዋ 98 ሺህ ማይል አልፏል፤ 158 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ሆንዳ ሻዶ 1100 ናት፤ ኮርቻዋ ዝቅ ያለ፣ መሪዋ ወደ ነጂው የተሳበ፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዷት ክሩዘር። የሻንሲ ቁጥሯ በ1 ስለሚጀምር አሜሪካ እንደተሠራች ይታወቃል፤ ሆንዳ እዚህ አገር ከ1979 እስከ 2009 ሞተር ሳይክል ያመርት የነበረው ኦሃዮ ውስጥ ሜሪስቪል ነው። 1,099 ሲሲውን የሚካፈሉት ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ናቸውና ድምፅዋ ጆሮ አይወጋም፤ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ልገዛ ስዞር ሁለት ሻዶዎች አግኝቼ ነበር። አንደኛዋ የሄደችው 9 ሺህ ማይል ብቻ፣ ክሮሟ መስተዋት የመሰለ፣ ግን አራት ዓመት ጋራዥ ውስጥ የቆመች ናት። ሁለተኛዋ 61 ሺህ ማይል የተነዳች፣ ታንከሯ የተጫጫረ። ልቤ ወደ አንደኛዋ አደላ። ዋሽንግተን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ ጎረቤቴን ለምኜ ይዣቸው ሄድኩ። ጋሼ የታንከሯን ክዳን ከፍተው ጎንበስ አሉና “ና እስቲ አሽትት” አሉኝ። ቤንዚኑ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ይሸታል፤ በመብራት ስናየው ታንከሩ ከውስጥ ዝጓል። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች፣ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩት፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑን መሰከሩ።

“ማይሉን አትፍራ፤ የቆመችበትን ጊዜ ፍራ። ሲሄድ የኖረ ነገር ባለቤቱ በየቀኑ ያየዋል። የቆመውን ማን አየው?” አሉኝ።

ኋላ ራሴ መፍታትና መግጠም ስጀምር ነገሩ ገባኝ። ሳይነዳ የከረመ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ ተንኖ ሙጫ ትቶ ይሄዳል፤ ሙጫውም መርፌ የማታስገባዋን ቀዳዳ ይደፍናል። ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት የላስቲክ ቀለበቶች ይደርቃሉ። ባትሪው ይሞታል። ሁለተኛዋን ስገዛ ባለቤቷ፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ፣ ከቁልፉ ጋር አንድ ሰማያዊ ደብተር አስረከቡኝ፤ እያንዳንዱ ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ የተቀየረበት ማይል ከነቀኑ ተጽፎበታል። የገዛሁት ያንን ደብተር ነው ብል አልዋሸሁም።

ፍሮንት ሮያል ስደርስ ፀሐይ ወጣች። ከዚህ ከተማ የሚነሳው ስካይላይን ድራይቭ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ 105 ማይል ይጠማዘዛል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል፣ 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለክሩዘር ከዚህ የሚስማማ መንገድ አላውቅም። ሸለቆው በጉም ተሸፍኗል፤ ዛፉ ቀይና ብጫ ለብሷል፤ አጋዘን ከጫካው ብቅ ስለሚል እጄ ከፍሬኑ አይርቅም። ቁልቁለቱን ግን በፍሬን አልወርደውም፤ ማርሽ ቀንሼ ሞተሯ ራሷ እንድትይዘኝ አደርጋለሁ።

እንዲህ በዝግታ ስነዳ የእያንዳንዱን ክፍሏን ድምፅ እሰማለሁ። ኃይሏን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ካቴና ሳይሆን ዘንግ ነው። ብዙ ሰው ዘንግ እንክብካቤ አይፈልግም ይላል። ደብተሩ ግን የኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ጎማውና ዘንጉ የሚነካከሱባቸው ጥርሶች ተጠርገው ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ እንደተቀቡ ይናገራል። ከደረቁ ይበላላሉ፤ አንድ ቀን ሞተር እየጮኸ ጎማው አልዞር ይላል። ዘይቷን በየ4 ሺህ ማይሉ እቀይራለሁ፤ ያው ዘይት ፍሪሲዮኗንም ስለሚያርስ፣ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለውን የመኪና ዘይት አልጨምርም፤ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ የፍሬን ዘይቷን እለውጣለሁ፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣልና።

51ኛው ማይል ላይ፣ ቢግ ሜዶውስ፣ ቤንዚን ቀዳሁ። ማስነሻውን ስጫን ጠቅ አለችና ዝም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ጠቅ፣ ዝም። ሆዴ ተላወሰ። ቤቴ ሩቅ ነው፤ ስልኬም ኔትወርክ የለውም። ከሻንጣዬ ደብተሩን አወጣሁ። የቀድሞ ባለቤቷ ሽማግሌ ከዓመታት በፊት ያንኑ ጽፈዋል፦ ጠቅ ብላ ዝም ካለች፣ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ገመዶች አጥብቅ።

የባትሪውን ክዳን ፈታሁ። የኔጌቲቩ ብሎን በጣቴ ዞረ። ለመብራትና ለካንዴላ የሚበቃ የኤሌክትሪክ ጅረት ያሳልፍ ነበር፤ ማስነሻው የሚጠይቀውን ብዙ ጅረት ግን ማሳለፍ አልቻለም። ባትሪውን ከአንድ ወር በፊት የቀየርኩት እኔ ነኝ። መሽቶብኝ ስለነበር ብሎኑን በወጉ ሳላጠብቀው ተነሳሁ፤ በዚህች ሞተር ንዝረት ደግሞ ግማሽ ዙር የላላ ሙሉ ይላላል። የዚያን ዕለት ሥራ ደብተሩ ላይ ፈለግሁት፤ የለም። ስድስት ዓመት ውስጥ ሳልጽፍ ያለፍኩት ብቸኛው ሥራ እሱ ነው። ብጽፈው ኖሮ “ጠብቋል” ብዬ ከመፈረሜ በፊት እጄ ተመልሶ ይነካው ነበር።

አጠበቅሁት፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። በመለኪያዬ ስለካ ሞተሯ እየሠራ 14 ቮልት ገደማ ታሳያለች። ሆዴ ቀለለኝ።

ከቀትር በኋላ 105ኛው ማይል፣ ሮክፊሽ ጋፕ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ 469 ማይል የሚረዝመው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ወደ ሰሜን ካሮላይና ይነጉዳል። ለዛሬ በቃኝ። ከድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ገለጥኩ። የሽማግሌው እንግሊዝኛ ካበቃበት ገጽ በታች የኔ ፊደል ይጀምራል። ያን የተዘለለ ሥራ በቀኑ አስገብቼ ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦

“98,212 ማይል። የባትሪ ኔጌቲቭ ብሎን ላልቶ ተገኘ፤ ጠበቀ፤ ተፈተሸ። ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ፦ የቀሩት ብሎኖች አንድ በአንድ ይታዩ።”