የናይሮቢ አሮጌ በሮች

ናይሮቢ ከተማ ከመሆኗ በፊት የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነበረች። ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ በ1899 ማሳዮች በቀዝቃዛ ውሃው ከሚጠሩት ከዚህ ረግረግ ሲደርስ ድንኳን ተተከለ (የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከድንኳኑ በኋላ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በኋላ ድንጋይ መጣ። አዲስ አበባችን የምትበልጣት በዐሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ያቺ የጥንቷ ትንሽ ከተማ ዛሬም በፎቆቹ መሐል አለች፤ በእግር ለሚዞራት ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከኢስሊ ሰፈር በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) መጥቼ በመጀመሪያ ያመራሁት ባንዳ ጎዳና ላይ፣ ከጃሚያ መስጊድ አጠገብ ወደሚገኘው የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሰፊ ደረጃ፣ ወፋፍራም ዓምዶች፣ ከፊት ሁለት የድንጋይ አንበሶች። የተሠራው በ1931 ሲሆን፣ ያሠራችው ሌዲ ሉሲ ማክሚላን ለሟች ባሏ መታሰቢያ ብላ ነው። ይህ ባሏ ኖርዝረፕ ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ፣ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1903 አፄ ምኒልክን አስፈቅዶ ዓባይን በጀልባ ቁልቁል እስከ ሱዳን ሊወርድ ተነሥቶ ነበር። ወንዙ ግን እንቢ አለው፤ ጉዞው ገና ሲጀመር ጀልባዎቹ ተሰባበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ኬንያ ገብቶ ሰፊ መሬት ይዞ የኖረው። ዓባይ ያልተቀበለው ሰው ስም ናይሮቢ መሐል በድንጋይ ተጽፎ ሳየው፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ይህ በር ለረጅም ዘመን የተከፈተው ለነጮች ብቻ ነበር። የአገሩ ልጅ በገዛ ምድሩ ላይ በቆመ ቤት መጽሐፍ መግለጥ አይችልም ነበር። ለሁሉም የተፈቀደው ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እኔ ስገባ ጠረጴዛዎቹን የያዙት ለፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ነበሩ። አንዲት ልጅ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጣጥፋ ታነባለች። ቀና ብሎ ያያት እንኳ የለም። እንዲህ ያለ ካሣ ደስ ይለኛል።

ኬንያታ ጎዳና ላይ ያለው ኪፓንዴ ሃውስ ግን ያማል። በ1913 የተሠራ፣ ባለ ማማ የድንጋይ ቤት ነው። ጥቁር ወንዶች እየተሰለፉ አሻራ የሰጡትና ኪፓንዴ የሚባለውን መታወቂያ የወሰዱት እዚህ ነበር። ወረቀቱን በቆርቆሮ ማኅደር ከተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ቀጣሪው የሥራውንና የደመወዙን ነገር ይጽፍበታል፤ ሲያሰናብተውም ካልፈረመለት ሠራተኛው ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ለእኛ ለሐበሾች ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ኢስሊ ውስጥ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ የማይለይ፣ ፖሊስ ሲያይ እጁ ወደዚያ የሚሮጥ ስንት ወገን አለ!

ዛሬ ሕንጻው ባንክ ነው። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ገንዘባቸውን ሊያስገቡና ሊያወጡ በዚያው በር ይመላለሳሉ። ኬንያውያን ቤቱን በንዴት ቢያፈርሱት ማን ይፈርድባቸው ነበር? አላፈረሱትም።

ይህን ሳስብ የአዲስ አበባዋ ፒያሳ ትዝ አለችኝ። ማንም ቅኝ ገዥ በግድ ያላሠራቸው፣ አያቶቻችን ራሳቸው የኖሩባቸውና የነገዱባቸው ስንት ቤቶች በ2024 ፈረሱ። መንገድ መስፋቱን አልቃወምም። ግን የእንጨት በረንዳውንና የተጠረበ ድንጋዩን ለልጄ በፎቶ ብቻ ማሳየት ይቆረቁረኛል።

ናይሮቢ ሆነህ ቀጠሮ የምትጠብቅ ወገኔ፣ አንድ ጠዋት ከኢስሊ ውጣ። ቤተ መጻሕፍቱን ካየህ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የባቡር ሙዚየም ሂድ፤ በ1900 አንበሳ ገብቶ አንድ የፖሊስ ሹም የወሰደበት ፉርጎ እዚያ ቆሟል። መታወቂያህን ግን ቤት ትተህ አትውጣ።