የጎደለው ሊትር የት ሄደ?

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ እኩል ይመዝናሉ? ገበያ የለመደች እናት ሳታመነታ «አይመዝኑም» ትላችኋለች። ጤፍ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቁናውን ይሞላል፤ ገብስ ግን በፍሬዎቹ መካከል ክፍተት ይተዋል። ቁና የሚነግረን እህሉ የያዘውን ቦታ ነው። ስንት እህል እንዳለ የሚነግረን ሚዛን ነው።

ሊትርም ቁና ነው። ቤንዚን ስንገዛ በሊትር ስለለመድን ሊትሩን ራሱን ቤንዚኑ አድርገን እናየዋለን። በእኛ ቤት ግን ይህ ልዩነት የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ያደግሁት አቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ሰዎች ከአዳማና ከቢሾፍቱ በኩል ቀንም ሌሊትም የሚገባውን የከባድ መኪና ሰልፍ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዱ ቦቴ የአባቴ ነበር፤ መኪናው የድርጅት፣ ድካሙ የእሱ። ከጅቡቲ ቤንዚን ጭኖ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይመጣል። እኛ ልጆቹ መምጣቱን እየናፈቅን አንዲት ቃል እንፈራ ነበር፦ «ጉድለት»። ቦቴው እንደታሸገ ደርሶ ሲለካ ወረቀቱ ላይ ካለው ሊትር ያንሳል። የጎደለው በሊትር ተሰልቶ ከደመወዙ ይቆረጣል። በዚያ ወር አስቤዛው ይቀንሳል፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። አባቴን የሚያንገበግበው ግን ከገንዘቡ ይልቅ «መንገድ ላይ ሸጦት ይሆናል» የሚል የሰው ዓይን ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ፣ ስለ ነዳጅ ልኬት ስማር ነው። ጅቡቲ ከባሕር ጠርዝ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቅዝቃዜዋን ታውቁታላችሁ። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ክብደቱ ግን በዚህ ምክንያት አይለወጥም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ቤንዚን በ40 ዲግሪ ሙቀት ጫነ እንበል። በዚያ ሙቀት አንዱ ሊትር 0.724 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ 45,000 በ0.724 ሲባዛ 32,580 ኪሎ ግራም ይሆናል። ቤንዚኑ እዚህ ደርሶ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ አንዱ ሊትር 0.740 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ያንኑ 32,580 ኪሎ ግራም ለ0.740 አካፍሉት፤ 44,027 ሊትር ታገኛላችሁ። 973 ሊትር «ጠፋ»። አንዲት ጠብታ ግን ከቦቴው አልወጣችም።

በቧንቧ ሲቀዳም ስሌቱ ያው ነው። ቆጣሪው በደቂቃ 1,000 ሊትር እያሳለፈ ከሆነ፣ ትኩሱ ቤንዚን በደቂቃ 724 ኪሎ ግራም፣ ቀዝቃዛው 740 ኪሎ ግራም ያልፋል። የቆጣሪው ፍጥነት አንድ ነው፤ የሚያልፈው ነዳጅ ግን እኩል አይደለም። ለዚህ ነው በዓለም የነዳጅ ንግድ የተለካው ሊትር ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ ሙቀት ተመልሶ የሚሰላው።

ይህ ስሌት ለሹፌር ብቻ አያደላም። ጉድለቱ 1,500 ሊትር ቢሆን ሙቀት የሚመልሰው 973ቱን ነው፤ ለቀሪው 527 ሊትር ሌላ መልስ መፈለግ አለበት። ጥቂቱ ተንኖ ሊሆን ይችላል፣ መለኪያው ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፣ በእርግጥም ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ሌባውን አይሸፍንም። ንጹሑን ግን ከሌባው ይለየዋል።

አውሮፕላን አብራሪዎች ነዳጃቸውን በክብደት የሚቆጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ ጌጁ ስለተበላሸ በታንኩ ያለው ነዳጅ በዘንግ ተለካ። ሊትሩን ወደ ኪሎ ግራም ለመቀየር በ0.8 ገደማ ማባዛት ሲገባ፣ ለፓውንድ የሚያገለግለው 1.77 ተወሰደ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሹን እንኳ ሳይዝ ተነሣ፣ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይም ነዳጅ ጨረሰ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ በተባለ አሮጌ የአየር ኃይል ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። አንዲት የማባዣ ቁጥር የስንቱን ነፍስ ልትበላ እንደነበር አስቡት።

እንግዲህ ከቤተሰባችሁ ሹፌር ወይም ማደያ ያለው ሰው ካለ ይህን ንገሩት፦ ሲጭንም ሲያራግፍም ወረቀቱ ላይ ሊትሩ ብቻ አይበቃም። የነዳጁ ሙቀት በዲግሪ፣ የአንዱ ሊትር ክብደትም በኪሎ ግራም አብሮ ይጻፍ። ቴርሞሜትርና ሃይድሮሜትር ካለ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው «አልሰረቅሁም» ብሎ መማል አያስፈልገውም።

ለልጆቻችሁ ደግሞ በማዕድ ቤት አሳዩአቸው፤ ቤንዚን ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ። አንድ ሊትር ውኃ፣ አንድ ሊትር የምግብ ዘይትና አንድ ሊትር ማር በየተራ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ የዕቃውን ክብደት መቀነስ አትርሱ። ውኃው 1 ኪሎ ግራም፣ ዘይቱ ወደ 0.92፣ ማሩ ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመጣል። «ሊትሩ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን?» ብለው ሲጠይቋችሁ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰውን ከመስፈራችን በፊት ቁናው ትክክል መሆኑን እንይ። ጎደለ የተባለው ሊትር ብዙ ጊዜ የሄደበት ቦታ የለም፤ ቀዝቅዞ እዚያው ቦቴው ውስጥ ነው።