የዳልቻው ቅርጫ

ከ77ቱ ድርቅ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ እኔ ገና የጥጃ እረኛ ነበርኩ። ሐይቅን ታውቀው እንደሆነ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈውን መንገድ ለቀህ ወደ ውሃው ስትወርድ ረግረጉ ዳር ከብት የሚውልበት ሜዳ አለ። ማለዳ ማለዳ አዛኑና የእስጢፋኖስ ደወል ተከታትለው ይሰሙናል። የዚያን ዓመት በልጉ ዘገየና፣ መጣ ሲባል በደረቀው መሬት ላይ ዶፉን አወረደው። ሣሩ ገና ብቅ ከማለቱ ከብቱ ከነአፈሩ ይግጠው ጀመር። እኛ እንኳንም ሣር ተገኘ ብለን ደስ አለን።

ድርቁ ከአባቴ በረት ያተረፈው አንድ በሬ ነው፤ ዳልቻው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና አባቴ ከጎረቤታችን ከሼሁ ጋር ተቀናጅቶ ያርስ ነበር፤ አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእሳቸውን። ወዳጃ የሚሉት የጸሎት ስብሰባ ባለ ምሽት የእጣናቸው ሽታ እኛ ጓዳ ድረስ ይመጣል።

አንድ ማለዳ ዳልቻው አልነሳ አለ። ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። አያቴ ከደጃፍ ሆና አየችውና «አባ ሰንጋ ነው» አለች። ያልሰማ አልነበረም፤ ምልክቱንም ሁሉም ያውቀዋል። ከተማ ውስጥ ይህ በሽታ ሲነሳ «ገበሬው ባለማወቁ ነው» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በሬው ሞቶ ከተገኘ በክት ነው፣ ክርስቲያኑ አይነካውም፣ ለሙስሊሙም ሐራም ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ ግን ቅርጫ ይሆናል፤ ጎረቤት መደብ መደቡን ይወስድና ገንዘቡን ያዋጣል፣ ባለቤቱም በዚያ ወይፈን ይገዛል። በሬው ገደል የገባበት ሰው የሚቋቋመው እንዲህ ነው። መደብ አልወስድም ማለት ደግሞ ነውር ነበር። እንግዲህ ቢላዋውን ያስመዘዘን ሃይማኖታችንና ደግነታችን ነው ብል አልዋሸሁም።

«ቶሎ በሉ፣ ሳያመልጠን!» አለ አባቴ። አጎቴ ካራውን ስሎ መጣ። ሼሁ ቀንዱን ይዘው «እናንተው ባርኩት፣ በሬው የእናንተ ነው» አሉ። በዚያች ቃል የእሳቸው ቤት ከሥጋው ተረፈ፤ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉማ።

ደሙ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ አልረጋ ብሎ የሚወርድ ደም። አያቴ ጥሬውን ማንም እንዳይቀምስ፣ ድብን ብሎ ሳይበስል እንዳይበላ መንደሩን በየስሙ እየጠራች አስማለች። ከበሉት የሞተ አልነበረም፤ ያቺ ሴት ስንቱን እንዳተረፈች እንጃ።

አጎቴ ግን ገፋፊው እሱ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንጓው ላይ አንዲት ነገር ወጣችና አሳከከችው። ውሃ ቋጠረች፣ ፈነዳች፣ መሃሏ ከሰለ። ክንዱ እስከ ክርኑ አብጦ ሳለ «ኧረ አያመኝም» ይላል። እውነቱን ነበር፤ ያ ቁስል አያምም፣ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ሼሁ በበቅሏቸው ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ድሬሰሩ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «በሬ ገፈሃል?» አለው። ፔኒሲሊን ተወጋ፣ ዳነ።

ቆዳው በግቢያችን በካስማ ተወጥሮ ነበር። ነጋዴ ሳይወስደው የከብት ሐኪም ደረሰና አስቃጠለው። ለበሬው ያላለቀሰችው እናቴ ለቆዳው አለቀሰች፤ ዋጋው ለጨውና ለበርበሬ አስቀድሞ ታስቦ ነበር። የከብት ሐኪሙ ወንዶቹን ሰብስቦ፣ ሬሳው ሳይከፈት ከተቀበረ ተህዋሲው እዚያው ከውስጡ እንደሚበሰብስ፣ ደሙ ሲፈስና አየር ሲነካው ግን ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት እንደሚቀመጥ ነገራቸው። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ ያንን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ተከታትሎ በአውሮፓውያኑ 1876 ለዓለም እንዳሳየ ኋላ አነበብኩ። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ደብረ ዘይት ይሠራል፤ እኛ መንደር የደረሰው ግን ዳልቻው ካለቀ በኋላ ነው።

የቅርጫው ገንዘብ ሳይጎድል ተዋጣ። ሥጋውን አውጥተው የቀበሩት ሳይቀሩ ከፈሉ። ወይፈኑ ለሞፈር እስኪደርስ ሼሁ የእህታቸውን ልጅ በሬ ለምነው ከራሳቸው ጋር እያጣመዱ ማሳችንን አረሱልን።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። አንጓው ላይ ያለው ጠባሳ ፀጉር አያበቅልም። ጠላ እየቀዳልኝ ያነበብኩትን ሁሉ አወራሁለት፦ የታመመ አይታረድም፣ የሞተም አይከፈትም፣ ጉድጓዱም ጠለቅ ይላል።

«አውቃለሁ» አለ። «ያኔም አውቅ ነበር። ታዲያ ያባትህን በሬ ቆሜ ልሸኘው?»

ዘንድሮ ከብቶቹን አስከትቦ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከመንደሩ ሁሉ ቀድሜ» አለኝ።